ብሳናው አልደረቀም፦ በአዲስ አበባ ቅጠል መቼና ለምን ይረግፋል?

ጥያቄ፦ «ዋሽንግተን አካባቢ 14 ዓመት ኖሬ ባለፈው ዓመት ተመለስኩ። አሁን አራት ኪሎ፣ እናቴ ግቢ ነኝ። እዚያ ጥቅምት ሲገባ ዛፉ ሁሉ ቀይና ወርቃማ ይሆናል፤ እሱን ለማየት ብቻ በየሳምንቱ የምሄድበት መናፈሻ ነበረኝ። እዚህ ግን ዛፉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ አዲስ አበባ መፀው የላትም ማለት ነው? ካላት ከመሐል ከተማ ሳልወጣ የት ልይ? ሌላው፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ቅጠሉ ልብ ይመስላል፣ ጀርባው ብርማ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ አንድ እያለ ብርቱካናማ እየሆነ ይረግፋል፤ አሁን በጥር ግማሹ ራቁቱን ቀርቷል። ጎረቤቶች ብርዱ ገደለው፣ ቤት ላይ ሳይወድቅ ይቆረጥ ይላሉ። በምትኩ ሜፕል ባስመጣና ብተክል ይሆናል?»

መልስ፦ ከዛፉ ልጀምር፤ መጥረቢያ እየተሳለበት ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም። ልብ የመሰለ ቅጠል፣ ብርማ ጀርባ፣ ሲያረጅ ብርቱካናማ፤ ይህ ብሳና ነው። ብሳና በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ነው። የጻፉልኝ ሁሉ የጤነኛ ብሳና ጠባይ እንጂ የሕመም ምልክት አይደለም። አያስቆርጡት። ምክንያቱን ሳስረዳ የመጀመሪያው ጥያቄዎ አብሮ ይመለሳል፤ የናፈቀዎት ነገር እዚያው እናትዎ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

«አዲስ አበባ መፀው የላትም» የሚለውን ላርመው። መፀው የራሳችን ቃል ነው፤ በዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው የሚያብብበት፣ ወርኃ ጽጌ የሚገባበት፣ እህል የሚያሸትበት ጊዜ ነው። የፈረንጆቹን የቅጠል መርገፊያ ወቅት ስንተረጉም በዚሁ ቃል ስለምንጠራው ሰው በኛ መፀው ውስጥ የነሱን ቅጠል ይፈልጋል፤ ያጣዋል። ወራቱ ይገጣጠማሉ፣ ዛፉ ላይ የሚሆነው ግን ተቃራኒ ነው። በዋሽንግተን ጥቅምት ዛፉ ለእንቅልፍ ይሰናዳል። በአዲስ አበባ ጥቅምት ዛፉ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። የኛ ቅጠል በብዛት የሚረግፈው ዝናብ በሌለባቸው ደረቅ ወራት ነው፤ ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት።

ልዩነቱ የመጣው ከብርሃን ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በሰኔ ረጅሙ ቀን ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፣ በታኅሣሥ አጭሩ ቀን ደግሞ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። እዚያ ያለ ዛፍ ብርድ መምጣቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ቀኑ ሲያጥርበት ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ዛፎች ሁሉ ያንኑ ብርሃን ስለሚቆጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብረው ይቀላሉ፣ አብረው ይራገፋሉ። እርስዎን ያ ሁሉ ቀለም በአንድ ጊዜ ያስደነቀዎት ከዚህ የተነሳ ነው። ለአዲስ አበባ ዛፍ ግን የቀን ርዝመት ብዙም አይናገርም። ይህን ስል በገና ሰሞን አናቷ የሚቀላውን ፖይንሴቲያ ልተዋት አልችልም፤ ቀይዋ አበባ ሳይሆን ቅጠል ነው፣ እሷም ያቺን ትንሽ የቀን ማጠር ቆጥራ ነው የምትቀላው። እሷ ግን የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ናት፤ ጠባይዋን ይዛ መጥታለች።

የኛ ዛፎች ሰዓት ውሃ ነው። ከተማዋ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አፈሩ ቀስ እያለ ይደርቃል። ቅጠል ውሃ ያተናል፤ ሥሩ ከሚስበው በላይ ቅጠሉ ሲያወጣ ዛፉ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ እንደ ወይራ ጠንካራና ጠባብ ቅጠል ይዞ መቆጠብ፣ ወይ እንደ ብሳናና ዋንዛ ሰፊውን ቅጠል አራግፎ ዝናብ መጠበቅ። አፈር ደግሞ በየቦታው እኩል አይደርቅም። ሥሩ ጥልቅ የሆነ፣ የሚያፈስ የውሃ ቧንቧ አጠገብ የበቀለ፣ ቀበና ወንዝ ዳር የቆመ ዛፍ ለምልሞ ይቆያል፤ እላይ ዳገቱ ላይ በሲሚንቶ ንጣፍ የተከበበው በኅዳር ይጀምራል። አንድ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ብሳናዎች በወር ሊለያዩ ይችላሉ። ከተማው ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚመስለው ቅጠል ስለማይረግፍ አይደለም፤ አብሮ ስለማይረግፍ ነው።

ጎረቤቶችዎ ብርዱን መወንጀላቸው አይገርምም፤ ቅጠሉ የሚረግፈው ውርጩ በሚበረታበት ወር ነው። ነገር ግን ዛፉን ውሃ ጥሙ ነው ያራገፈው። በነገራችን ላይ የኛ በጋ ፀሐያማ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት አለው፤ ለዋሽንግተን ሜፕል ቀዩን የሚያደምቅለት ልክ እንዲህ ያለ አየር ነው። አየሩ አለን፣ ያን አየር እንደ መልእክት የሚያነብ ዛፍ ነው የሌለን።

ቀለሙስ ከየት ይመጣል? ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት የሚጠቅመውን ይወስዳል። አረንጓዴውን ክሎሮፊል ይበትናል፤ ናይትሮጅኑንና ሌላውን ንጥረ ነገር ወደ ቅርንጫፍና ወደ ሥር ይመልሳል። ቢጫና ብርቱካናማው ካሮቲኖይድ ቀድሞም ቅጠሉ ውስጥ ነበር፤ አረንጓዴው ሲነሳ ይገለጣል። ቀዩ አንቶሳያኒን ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ አዲስ የሚሠራ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ቀይ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ በቅጠሉ እርጅና ሳይሆን በልጅነቱ ነው። የሾላን ወይም የአቮካዶን ቀንበጥ ይመልከቱ፤ አዲሱ ቅጠል መዳብ መስሎ፣ ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ቀዩ ቀለም ገና ያልጠነከረውን ቅጠል ከብርሃኑ እንደሚከልለው ይታመናል። ሲያረጅ የሚቀላ ከፈለጉ ደግሞ ጥቁር እንጨት አለ፤ አሮጌ ቅጠሉ ከመውደቁ በፊት ይቀላል፣ ቅጠሉን በጣት ሲያሹት መራራ አልመንድ አልመንድ ይሸታል።

አሁን ወደ ብሳናዎ ይመለሱና ከሥሩ የወደቀ አንድ ቅጠል ያንሱ። ሰፊ ነው፣ መዳፍ ይሞላል። ጀርባውን ሲገለብጡት ብርማ የሚያስመስለው በዓይን የማይለይ ጥቃቅን ፀጉር ነው። ቅጠሉ ከእግሩ ጋር ከሚጋጠምበት ቦታ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ እባጮች አሉ፤ ብሳናን ሳልጠራጠር የምለየው በነሱ ነው። ከዚያ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ያንሱት። በመሬት ላይ ደብዛዛ ብርቱካን የነበረው ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ፍም ይበራል። ብሳና ይህን የሚያደርገው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በአረንጓዴው መካከል እዚህም እዚያም አንዳንድ ቅጠል ይቀጣጠላል። ሃያ ዓመት ዛፍ ሳይ ቆይቼ በጥር ማለዳ ከብሳና ሥር ስቆም ዛሬም ደስ ይለኛል፤ በዚህ ከተማ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የቅጠል ትዕይንት እሱ ነው።

«ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለእንጨቱ ሁሉ ማን አስተማረና» የሚለውን ተረት ጎረቤት ሳያነሳብዎ አልቀረም። ተረቱ እውነት አለው፤ የተቆረጠ የብሳና እንጨት ቶሎ ይነቅዛል፣ ለቤት ማገር አይታመንም። የሚናገረው ግን ስለ እንጨቱ ነው። በቁሙ ያለ ብሳና ሌላ ነው።

ጤናውን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። መጀመሪያ የወደቀውን ቅጠል እግር ጫፍ ይመልከቱ፤ በወቅቱ የረገፈ ቅጠል በንጽሕና ይላቀቃል፣ ቅርንጫፉ ላይም ለስላሳ ጠባሳ ይተዋል። መርገፍ ሕያው ሕዋሳት የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ዛፉ በእግሩና በቅርንጫፉ መካከል መለያያ ንብርብር ሠርቶ ነው የሚለቀው። ስለዚህ በድንገት የሞተ ቅርንጫፍ ቅጠሉን መጣል እንኳ አይችልም፤ ቡናማ ሆኖ፣ ተጨማዶ፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰው የሚፈራው ባዶውን ቅርንጫፍ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የደረቀ ቅጠል እንደያዘ የቀረው ነው። ቀጥሎ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ ይምረጡና ቅርፊቱን በጥፍርዎ በትንሹ ይፋቁት። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ጠጋ ብለው ይድገሙት፤ በተለያየ አቅጣጫ አምስት ስድስት ቦታ ይሞክሩ፣ በአንድ ቅርንጫፍ አይፍረዱ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው አንድ ግቢ ዘግይቼ ስለደረስኩ ነው። «የደረቀ ዛፍ ቆርጠናል፣ በቦታው ምን እንትከል» ተብዬ ነበር የተጠራሁት። ወሩ የካቲት ነበር። ጉቶው ገና እርጥብ ነበር፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው አረንጓዴ ቀለበት ዙሪያውን ሙሉ ነው። በሰኔ ያው ጉቶ በዙሪያው ቀንበጥ አቆጠቆጠ። ልጆች ይጫወቱበት የነበረውን ጥላ ለመመለስ ግን ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

እርግጥ ሁሉም መድረቅ የወቅት አይደለም። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ቅጠላቸውን በአንድ ጊዜ የሚያራግፉ አይደሉም፤ ጽድ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ቡናማ እየሆነ ከሄደ ለበጋ አይስጡት፣ ሥሩ ወይም ግንዱ ተጎድቷል። (ወንዱ ጽድ የአበባ ዱቄት ሲያወጣ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ይላል፤ እሱ ሌላ ነው፣ አያስደንግጥዎ።) ብሳናውም ቢሆን ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት አጠገቡ ቦይ ተቆፍሮ ሥሩ ተቆርጦ ከሆነ፣ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ተለስኖበት ከሆነ፣ የግንባታ እጣቢ ሲደፋበት ከነበረ ነገሩ ይለወጣል። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ መብቀል፣ ዛፉ ወደ አንድ ወገን ማዘንበልና በተቃራኒው በኩል አፈሩ መሰንጠቅ አደገኛ ምልክቶች ናቸው። ከነዚህ አንዱን ካዩ በጽሑፍ ከኔ ምክር አይጠብቁ፤ ባለሙያ መጥቶ ግንዱን መታ መታ አድርጎ፣ ሥሩን ገልጦ ማየት አለበት። ቤት ላይ ያንዣበበ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ የሚያሰጋው ቅርንጫፉን ከአንገቱ ላይ ማስቆረጥ ይበቃል፤ ለዚያም፣ ለሙሉ ዛፍማ ይልቁንም፣ አስቀድመው ወረዳውን ይጠይቁ።

የት ልይ ላሉት፣ ከደጅዎ ይጀምሩ። ከሥላሴ ካቴድራል ግቢ ተነሥተው በአምስት ኪሎ አድርገው ወደ ስድስት ኪሎ ቀስ ብለው ይውጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች የማይረግፈውን ወገን ያሳዩዎታል፤ ዓይንዎ ጥቁር አረንጓዴውን ከለመደ በኋላ በየአጥሩ የሚቢጨው ቶሎ ይታየዎታል። የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ትላልቅ ዛፎቹ ካረጁ ተቋማት ግቢዎች መካከል እንዲጎበኙት ያደርጉታል። በሩ ላይ ስለሚጠየቁ መታወቂያ ይያዙ። ወዳጅነት ፓርክ ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው፣ ለቅጠል ግን ዛፎቹ ገና ልጆች ናቸው። አንድ ቀን ከመሐል ከተማ ለመውጣት ከፈቀዱ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አገር በቀሎቹን አንድ ላይ ያሳያል።

ከቦታው ይልቅ ወሩ ይበልጣል። በጥርና በየካቲት ብሳናን ይፈልጉ። በዚያው በጋ ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ነበልባል የመሰለ አበባ ያወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት የቀላ ቅጠል ነው የሚሉት። ኮሶ ካገኙ ሴቲቱን ይፈልጉ፤ ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው፣ የሴቷ የአበባ ዘለላ ቀላ ብሎ እንደ ወይን ይንጠለጠላል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ የጃካራንዳ ጊዜ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው፤ ረቂቅ ቅጠሉ ይቢጭና ይራገፋል፣ ከዚያ ሐምራዊ አበባው ይከተላል። አበባው ሲረግፍ አስፋልቱና የቆሙት መኪኖች ጣሪያ ሐምራዊ ይሆናል። እዚያ በእግርዎ ቅጠል እየገፉ ይሄዱበት የነበረውን መንገድ የሚያስታውስዎት እሱ ይመስለኛል። ዝናብ ካረፈበት ግን ያንሸራትታል። ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይውጡ፤ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ከቅጠሉ ወዲህ ሆነው ብርሃኑ በቅጠሉ እንዲያልፍ ይቁሙ። ካረጀ ባሕር ዛፍ ሥር ግን በነፋስ ቀን አይቀመጡ፤ ቅርንጫፍ ይጥላል።

ሜፕሉን ይተዉት። ቢበቅል እንኳ የሚፈልገውን ረጅም ብርድና የቀን ማጠር አያገኝም፤ ቅጠሉ ሳይቀላ ዳር ዳሩ እየተቃጠለ፣ እንቅልፍና ንቃቱ ተዛብቶበት ይኖራል። ለማነጻጸር ያህል ፖምን ይውሰዱ። ጨንቻ በከፍታዋና በቅዝቃዜዋ ለፖም ትመቻለች፤ እንዲህ ባለ ሞቃታማ ቀበቶ ደጋ ላይ ግን ገበሬ ብዙ ጊዜ ቅጠሉን በእጁ እየመለጠ ነው ዛፉን «የብርዱ ወቅት አልፏል» የሚያሰኘው። ለደስታ በተተከለ ትልቅ ሜፕል ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ቦታ ካለዎት ከብሳናው ራቅ አድርገው ዋንዛ ወይም ጥቁር እንጨት ይትከሉ። ቅጠሉን ጥሎ የሚያብብ ትንሽ ዛፍ ከፈለጉ ኮክ እናትዎም ይወዱታል።

የወደቀውን ቅጠል ጠርገው አያቃጥሉ። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ከተማው በጭስ እንደሚሞላ ያውቃሉ፤ በ1911 ዓ.ም. ያን ሁሉ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ነው፣ ልማዱን አከብራለሁ። ዛፍ ሥር የሚነድ እሳት ግን ከቅርፊቱ በታች ያለውን ሕያው ንብርብር ይቀቅለዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። የብሳናውን ቅጠል እዚያው ከዛፉ ሥር በአራት ጣት ውፍረት ያንጥፉት፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት። አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል፣ በክረምት በስብሶ ዛፉ ያልወሰደውን ንጥረ ነገር ይመልሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይቀላቅሉበት፤ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ልጆች ካሉ የብሳና ፍሬም ሆነ የቆርች ቀይ ዘር መርዛም ስለሆነ ወደ አፋቸው እንዳያደርሱት ይጠንቀቁ። የብሳናን ፈሳሽ ለጭርት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ለመጠጣት ግን ማንም ቢመክርዎ እሺ አይበሉ።

እንግዲህ አሁን መጥረቢያውን ይመልሱ፣ ቀንበጡን ይፋቁ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ አሥር አሥር ባልዲ ውሃ ከግንዱ ራቅ አድርገው በቅርንጫፎቹ ጥላ ዳር ያጠጡት። የበልግ ዝናብ ካካፋ ከመጋቢት ጀምሮ ጫፍ ጫፉን ይመልከቱ፤ ብርማ ፀጉር ያለበት፣ የታጠፈ አዲስ ቅጠል ይወጣል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ምንም ካላቆጠቆጠ ያን ጊዜ ፎቶውን ይላኩልኝ፤ የግንዱን ሥር፣ የተፋቀውን ቀንበጥና ዛፉን ሙሉውን ለየብቻ ያንሱት።